ጀማን በጀልባ መውረድ፦ ቀን ከመቁረጥ እስከ መመለሻው ዳገት

የሰሜን ሸዋ፣ የጅሩ ልጅ ነኝ። እኛ አገር ሜዳው ተዘርግቶ ይሄድ ይሄድና ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ አፋፉ ላይ ቁጭ ብለን ታች የሚያብለጨልጨውን የጀማን ወንዝ እናይ ነበር። ክረምት ሲገባ ድምፁ ሌሊት ሌሊት አፋፍ ድረስ ይሰማል። እናቴ «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» ትለን ነበር፤ ወደ ታች እንዳንወርድ።

ካደግሁ በኋላ ሁለት ጊዜ በጀልባ ወርጄበታለሁ። ሁለቱንም ከመሪ ጋር ነው። እዚህ የምጽፈውም በመሪ ለመውረድ ለሚያስብ ሰው ነው። ብቻውን ወይም ከጓደኞቹ ጋር ጎማ ነፍቶ ሊወርድ ያሰበ ካለ፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ። ጀማ ለዚያ የሚሆን ወንዝ አይደለም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እወቁ። ጣና ላይ እንደምናደርገው ወደብ ሄዶ፣ ዋጋ ተነጋግሮ የሚሳፈሩበት ጀልባ ጀማ ላይ የለም። ጉዞው በትእዛዝ ነው የሚዘጋጀው። ሰው ይሰባሰባል፣ አዘጋጅ ይፈለጋል፣ የሚነፋው የጎማ ጀልባ ታጥፎ በመኪና ይመጣል። ስለዚህ ከቀዘፋው ይልቅ ዝግጅቱ ይረዝማል። ያለ ሁለት ሰዎች ደግሞ ዝግጅቱ አይሞላም። አንዱ ውሃ የሚያውቀው የጀልባ መሪ ነው። ሌላው ያን ወንዝ የሚያውቀው የመንደሩ ሰው ነው። ሁለቱ የተለያየ እውቀት ነው። አንዱ ብቻ ካላችሁ ጉዞው ገና አልተዘጋጀም።

መጀመሪያ፦ ወንዙን እወቁት

ጀማ የሰሜን ሸዋን ደጋ ውሃ ሰብስቦ አባይ የሚገባ ወንዝ ነው። ወንጪት ገባሩ ነው፣ አዳባይም ገባሩ ነው። ዛሬ ጀልባችሁን የተሸከመው ውሃ ውሎ አድሮ ጉባ ደርሶ ሕዳሴ ግድብ ውስጥ ይገባል። እኔ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ሸለቆው ጥልቅ ነው። ለሚ ከተማ ካለበት ደጋ እስከ ጀማ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ስትወርዱ ግድግዳውን እዩት። ላይ ላዩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ተነባብሮ ይመጣል። ለሚ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም ለሲሚንቶ ዋናው ጥሬ ዕቃ፣ የኖራ ድንጋዩ፣ እዚያው ስላለ ነው።

ዋናው መታወቅ ያለበት ግን ይህ ነው፤ እናንተ ቆላ ላይ ሆናችሁ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። መንዝ ላይ የወረደ ዝናብ በየገደሉ ተንደርድሮ እናንተ ጋ ይደርሳል። ደራሽ ይባላል። አንድ ጠብታ ሳይነካችሁ ጎርፍ ይመጣባችኋል ማለት ነው። ቆላ ላይ ያደገ ሰው ሰማዩን ሲያይ የራሱን አናት አያይም፤ የደጋውን አፋፍ ነው የሚያይ።

ቀን መቁረጥ

ሐምሌና ነሐሴ አይታሰብም። ውሃው ጭቃ ነው፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል፣ ማንም አይመክርም። ከኅዳር ወዲያ ደግሞ እየቀነሰ ይሄድና ጀልባው ድንጋይ ላይ ይጎተታል። የካቲትና መጋቢት ላይ ብዙ ቦታ በእግር ይሻገሩታል። ደህናው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ያለው ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ ውሃው ገና አልጎደለም፣ አፋፉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል።

ከቀኖቹ መካከል እሑድንና የአካባቢውን ትልልቅ በዓላት ለጭነት አታስቡ። አህያና በቅሎ የሚያከራዩት ገበሬዎች በበዓል አይጭኑም። እኛ በመጀመሪያው ጉዞ ይህን ሳንጠይቅ በዕለተ ሚካኤል ደርሰን አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጠናል። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ሰላሙንም ጠይቁ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በአካባቢያችን መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ የከረመበት ጊዜ ብዙ ነው። ፌስቡክ ላይ ያነበባችሁትን ትታችሁ በለሚና በዓለም ከተማ መስመር ለሚሠራ ሾፌር ደውሉ። እሱ የዛሬን ጠዋት ያውቃል። ከመሄዳችሁ አንድ ሳምንት በፊት ደውሉ፣ በዋዜማው ድገሙ። «አይ፣ ይህን ሰሞን ተዉት» ካለ ይቅር። ወንዙ የትም አይሄድም።

አዘጋጁን መጠየቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ከአስጎብኚ ድርጅቶች መካከል የወንዝ ጉዞ የሚያዘጋጁ አሉ። ኦሞ ላይ ወይም አዋሽ ላይ የሠራ መሪ ያላቸውን ፈልጉ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ማፈር የለም፤ የነፍስ ጉዳይ ነው።

- መሪው በጀልባ ስንት ወንዝ ወርዷል? የማዳን ሥልጠናና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና አለው?
- ስንት ጀልባ ነው የሚሄደው? መልሱ «አንድ» ከሆነ እምቢ በሉ። አንዱ ሲገለበጥ የሚያነሳው ሌላው ጀልባ ነው።
- ላይፍ ጃኬቱና ሄልሜቱ ለየሰውነታችን ልክ አለው? ከጉዞው በፊት ልንለካው እንችላለን?
- የመወርወሪያ ገመድ፣ የጀልባ መጠገኛ፣ ማንፊያ፣ ትርፍ መቅዘፊያ ተይዟል?
- ሰው ቢጎዳ በየት በኩል፣ በምን ይወጣል? ሸለቆው ውስጥ ስልክ ባይሠራ በምን ትገናኛላችሁ?
- ውሃው በዚያ ሰሞን በስንተኛ ደረጃ ነው?

የመጨረሻውን ላብራራ። በዓለም ላይ የወንዝ ፍጥነትና ክፋት ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ይለካል። 1 ማለት የተኛ ውሃ ነው። 6 ማለት ለሕይወት የሚያሰጋ፣ ባለሙያም አብዛኛውን ጊዜ የማይሞክረው ነው። ጀማሪ ከመሪ ጋር እስከ 3 ድረስ ይወርዳል። ከዚያ በላይ የሆነ ቦታ ካጋጠመ ደግሞ ወርዶ፣ ጀልባውን ተሸክሞ በዳር ማለፍ ነው። መሪው «እዚህ ጋ በእግር እናልፋለን» የሚል ዓይነት ሰው መሆኑን ቀድማችሁ እወቁ። ጉራ የሚወድ መሪ አትያዙ።

ከመጀመሪያው ጉዟችን በፊት ያናገርነው አንድ አዘጋጅ ነበረ። ስሙን አልጠራም። ላይፍ ጃኬቶቹን አሳየን ስንለው ዘጠኙም አንድ ልክ ናቸው። የሁለቱ መቆለፊያ ተሰብሮ በሲባጎ ታስሯል። «ምንም አይልም፣ ውሃው ጉልበት ድረስ ነው» አለን። አመስግነን ወጣን። ቀብድ አልከፈልንም ነበርና አልተጎዳንም። እናንተም ዕቃውን ሳታዩ አትክፈሉ። ስትከፍሉም በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፣ በዋጋው ውስጥ ምን ምን እንዳለ በጽሑፍ ተቀበሉ። መኪና፣ ምግብ፣ የጭነት ከብት፣ የመንደሩ ሰዎች አበል፤ ሁሉም ይጻፍ።

መሄድ የሌለበት ሰውም አለ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመምተኛ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ። ዋና አለመቻል ግን አያስቀርም። ብቻ ለመሪው ተናገሩ። ደብቆ የሚሳፈር ሰው ራሱንም ሌላውንም ይጎዳል።

የመንደሩ ሰው

ጀማ በለሚ በኩል እንሳሮ ወረዳ ነው፣ በዓለም ከተማ በኩል መርሃቤቴ። ጀልባ በሁለቱም ዳር ስለሚቆም ለሁለቱም ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ደብዳቤ አጽፉ። ግልባጩ ለቀበሌውና ለፖሊስ ይድረስ። ከሸለቆው ውስጥ ድንገት ቀይና ሰማያዊ ጀልባ ይዞ ብቅ የሚል እንግዳ ሰው ያስደነግጣል። ቀድሞ የሰማ ሰው ግን ውሃ ይዞ ነው የሚጠብቃችሁ።

ከዚያ ወንዙን የሚያውቅ ሰው በቀበሌው በኩል አስጠይቁ። በበጋ መልካውን የሚያሻግሩ፣ ዳር ላይ ሽንኩርትና ማሽላ የሚያለሙ ሰዎች አሉ። ቀን ከፍላችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ። የትኛው ጥልቅ ውሃ አዞ እንዳለበት የሚነግራችሁ እነሱ ናቸው። በአባይ ሸለቆ አዞም ጉማሬም አለ፣ ጀማም ገባሩ ነው፤ ስለዚህ «እዚህ ጋ አትታጠቡ» ካሉ አትታጠቡ።

እኛ የያዝናቸው ሰው በዕድሜ የገፉ ናቸው። «አያ» ነበር የምንላቸው። ስለ እሳቸው በኋላ እነግራችኋለሁ።

ምን ይያዝ

ለልብስ አንድ ሕግ አለ። ጥጥ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ስለዚህ ለውሃው የስፖርት ቱታና እጅጌ ያለው ቀላል ሹራብ ልበሱ። ጂንስ አይሆንም። እግራችሁ ላይ ከኋላ የሚታሰር ሳንዳል ወይም አሮጌ ስኒከር አድርጉ። ሸበጥ ውሃው ይወስደዋል። ባርኔጣው በአገጭ የሚታሰር ይሁን። መነጽር የምታደርጉ በክር እሰሩት። ለማታው ግን ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ያስፈልጋል፤ ቆላው ቢሞቅም መውጫና መግቢያችሁ ደጋ ነው።

ስልክና ብር ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ይግባ። እሱ ከሌለ በሦስት ፌስታል ደራርባችሁ እያንዳንዱን ለብቻው እሰሩ። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ለሁለት ከፍላችሁ በሁለት ጀልባ ጫኑ።

ስንቁ ቀላል ነው። በሶ ያዙ። በሶን የሚያህል የወንዝ ስንቅ አላየሁም፤ እሳት አይፈልግ፣ አይበላሽ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ይበጠበጣል ወይም በማር ይጨበጣል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ወቅቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የጽጌ ጾም ላይ ስለሚውል የሚጾም ሰው እንዳለ ቀድማችሁ ጠይቁና ምግቡን ለይታችሁ አዘጋጁ። የሚጠጣ ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከ3 ሊትር እንዳያንስ። የወንዙን ውሃ ሳታፈሉ ወይም በውሃ አጋር ሳታክሙ አትጠጡ። ጭቃው የበዛ ከሆነ መጀመሪያ አጥልሉት፤ መድኃኒቱ በደፈረሰ ውሃ ላይ በደንብ አይሠራም።

አጎበርና የትንኝ ቅባት የግድ ነው። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር በቆላ የወባ ጊዜ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ መከላከያ ኪኒን ያዝላችሁ ይሆናል።

መንገዱና የዋዜማው ሌሊት

ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ። በጫንጮ አድርጋችሁ ሙከ ጡሪ ትደርሳላችሁ። እዚያ ዋናውን የጎጃም መንገድ ለቃችሁ ወደ ቀኝ፣ ወደ ለሚ ትገነጠላላችሁ። ከለሚ ወዲያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። የሲሚንቶና የጭነት መኪና ስለሚበዛ ሾፌራችሁ አይቸኩል፤ ፍሬን ብቻ ተማምኖ አይውረድ፣ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ይያዝ። አፋፉ ላይ አንድ አፍታ ቁሙ። ጠዋት ከሆነ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው ሣር ሲነጩ ታገኛላችሁ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም።

ጉዞውን እንዴት እንዳቀድነው ልንገራችሁ፤ ይጠቅማችኋል። ከድልድዩ ጀምረን ወደ ታች ብንወርድ መውጫው ችግር ነው፤ ወደ ታች መኪና የሚደርስበት ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ጀልባዎቹን በአህያ ከድልድዩ ወደ ላይ አስወጥተን፣ ከዚያ ገብተን፣ ድልድዩ ጋ ወጣን። መኪናችን እዚያው ቆሞ ይጠብቀናል። ሰው ቢታመም ወይም ብንዘገይ የምንደርስበት ቦታ አንድ ነው። አዘጋጃችሁ ሌላ መንገድ ካቀረበ «መውጫው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወንዝ ዳር ስታድሩ ድንኳን የሚተከለው አሸዋው ላይ አይደለም። አሸዋ ለስላሳ ነው፣ ያማልላል። ግን ዛፎቹን ተመልከቱ። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ጭራሮና የደረቀ ጭቃ ታያላችሁ። ውሃው እዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ መስመር በላይ ተኙ።

በሁለተኛው ጉዞ በዋዜማው ማታ አያ ወደ ውሃው ወረዱ። ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ መረጡ። አንዱን የውሃው ከንፈር ላይ አስቀመጡ። ሁለተኛውን ከእሱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሌላ ስንዝር ከፍ አድርገው። ምንም አላሉም። ሌሊት ወደ መንዝ በኩል መብረቁ ድምፅ ሳይኖረው ብልጭ ብልጭ ይል ነበር። እኛ ጋ ኮከብ ሞልቷል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አብሬያቸው ወረድኩ። ሁለቱ ድንጋዮች የሉም። ሦስተኛውን ውሃው እየላሰው ነው። ማታ አረንጓዴ የነበረው ውሃ ሻይ በወተት መስሏል። ቀጫጭን ጭራሮና አረፋ መሐል መሐሉን ይዞ ይሄዳል። አያ አረፋውን በጣታቸው አሳዩኝ። «መሐል ለመሐል ሲሄድ ገና እየሞላ ነው። መጉደል ሲጀምር ወደ ዳር ይተፋዋል» አሉ። መሪያችን ወጣት ልጅ ነው፣ ኦሞን ብዙ ጊዜ ወርዷል። መጣና አየ። «አያ፣ ምን ይሻላል?» አላቸው። «ቆይ» አሉት። ቆየን። ቡና አፈላን። ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለተኛው ድንጋይ ብቅ አለ። አረፋው ዳር ዳሩን ይዟል። ያኔ መሪው ጀልባዎቹን ወደ ውሃ አስገባ።

የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ድንጋዩን እናንተም አስቀምጡ። ወጪ የለውም።

ከመሳፈር በፊት

መሪው ያስረዳችኋል። ስልካችሁን ትታችሁ ስሙት። ያልገባችሁን አስደግሙት። የሚለው ይህን ይመስላል።

ላይፍ ጃኬቱን ከታች ያለውን ማሰሪያ መጀመሪያ አጥብቁ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሂዱ። ሌላ ሰው ትከሻችሁ ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ወደ አገጫችሁ ከወጣ ላልቷል፣ እንደገና አጥብቁ። በሙቀቱ ምክንያት መፍታት ያምራችኋል። አትፍቱ። እኔ የተኛ ውሃ ላይ ደርሰናል ብዬ የላይኛውን ፈታሁት። መሪው ጀልባውን ዳር አስይዞ፣ እስክዘጋው ድረስ አልተንቀሳቀስንም። ጥግ ታጥፈን ስንወጣ ውሃው እንደገና ያጓራ ነበር።

አቀማመጡ ጀልባው ጠርዝ ላይ ነው፣ ውስጥ አይደለም። አንድ እግራችሁን ከፊታችሁ ካለው የጎማ ጥቅልል ሥር ሸጎጥ ታደርጋላችሁ። መቅዘፊያው ጫፉ ላይ እጀታ አለው። አንድ እጅ ሁልጊዜ ያን እጀታ ይሸፍን። ተፈትቶ ከተወረወረ የጎረቤታችሁን ጥርስ ያወልቃል።

ትእዛዞቹ አጫጭር ናቸው። «ወደ ፊት» ሲባል ሁሉም እኩል ይቀዝፋል፤ ከፊት ያሉትን ሁለቱን ተከተሉ። «ወደ ኋላ»፣ «ቁም» ግልጽ ነው። «ዝቅ» ሲባል ጀልባው ውስጥ ቁጢጥ ብላችሁ ገመዱን ያዙ። አንዱ ግን ከተፈጥሯችን ጋር ይጣላል። ጀልባው በጎኑ ድንጋይ ላይ ከተለጠፈ መሪው «ወደ ድንጋዩ!» ይላል። ሰው ሲደነግጥ ከድንጋዩ መሸሽ ነው የሚቀናው። ሁሉም ከሸሸ ውሃው የወዲያኛውን ጎን ረግጦ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ክብደታችሁን ይዛችሁ ወደ ድንጋዩ ተጣሉ። ይህን መሬት ላይ ሳላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለማመዱት።

ውሃ ውስጥ ከወደቃችሁ

መውደቅ ያለ ነው። የሚጎዳው ከወደቁ በኋላ የሚሠራው ስህተት ነው።

ትልቁ ስህተት ለመቆም መሞከር ነው። ውሃው ወገብ ድረስ ብቻ ቢሆንም እግር ድንጋይ መካከል ይቀረቀርና የውሃው ግፊት ሰውዬውን በፊቱ ይደፋዋል። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ። እግራችሁን ወደ ውሃው መሄጃ አድርጉ፤ የእግራችሁ ጣቶች ከውሃ በላይ ይታዩ። ድንጋይ ቢመጣ በእግር ትገፉታላችሁ። ከዚያ እጃችሁን እያንቀሳቀሳችሁ ወደ ዳር አግድም ተጠጉ። ውሃው ረጋ ብሎ ከጉልበት በታች ሲሆን ብቻ ቁሙ።

ገመድ ከተወረወረላችሁ ገመዱን ያዙ፣ በትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ደረታችሁ ላይ ጨብጡት፣ ፊታችሁ ወደ ሰማይ ይሁን። እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ወገባችሁም ላይ አትሰሩ። መልቀቅ በሚያስፈልግ ጊዜ መልቀቅ መቻል አለባችሁ።

ከጀልባው ሥር ከገባችሁ አትደንግጡ። ሆዱን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሂዱ። ወዲያው ትወጣላችሁ። ወዲህና ወዲያ ማለት ነው ትንፋሽ የሚጨርሰው።

የወደቀ ዛፍ ውሃውን እያጣራ የሚያሳልፍበት ቦታ ከመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያን ጊዜ በደረታችሁ ተገልብጣችሁ፣ ጭንቅላታችሁን አስቀድማችሁ በኃይል ዋኙና ግንዱ ላይ ውጡ። እግራችሁን አስቀድማችሁ ከሄዳችሁ ከሥሩ ይጎትታችኋል።

ውሃው ላይ

ከዚህ በኋላ ያለውን መንገር ይከብደኛል፤ ደስታ ስለሆነ። የምታገኙት ጸጥታ ሌላ ቦታ የለም። በሁለት ፈጣን ውሃ መካከል ረጅም የተኛ ውሃ ይመጣል። መሪው «ቁም» ይላል፣ መቅዘፊያው ጭን ላይ ይሆናል። ጀልባው ራሱ ይሄዳል። ያኔ ግድግዳውን ታዩታላችሁ። ሳድግ ከላይ ያየሁትን አፋፍ ከታች ቀና ብዬ ሳየው እንባዬ መጥቷል።

ጠዋትና ማታ ዳሩ ላይ ቆቅ ትሰማላችሁ። በዓይኑ ዙሪያ ቆዳው ቀይ የሆነ አንድ የቆቅ ዓይነት አለ፤ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ፣ በአባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ነው የሚገኘው። ከውጭ የሚመጡ ወፍ ተመልካቾች ጀማ ድረስ የሚወርዱት ለእሱ ብለው ነው። እኛ ስንቶቻችን አይተነዋል?

ሰው ስታገኙ ሰላምታ ቀድሙ። «እንደምን ዋላችሁ» በሉ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን፣ የሚታጠብ ሰውን፣ ጸበል ቦታን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። ወደ መልካ ስትደርሱ ከብት የሚሻገር ከሆነ ቆማችሁ አሳልፉ፤ የጀልባው ቀለም በሬ ያስበረግጋል። ልጆች «አሳፍሩኝ» ብለው ዳር ዳሩን ይሮጣሉ። ትርፍ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አታሳፍሩ። አንጀት ይበላል፣ ግን አታሳፍሩ።

ለምሳ ጥላ ያለበት ዳር ቁሙ። ቀን ከ6 እስከ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ ከላይም ከውሃውም ይመታል። ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ቆሻሻውን ሁሉ፣ የሎሚ ልጣጭ ሳይቀር፣ ይዛችሁ ውጡ።

መውጣትና ከዚያ በኋላ

ድልድዩ ጋ ከ9 ሰዓት በፊት ለመድረስ አስቡ። ዳገቱን በብርሃን መጨረስ አለባችሁ። ጀልባው ተንፍሶ እስኪታጠፍ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እርጥቡን ልብስ እዚያው ቀይሩ፣ ሰውነታችሁን በፎጣ አድርቁ። ለሚ ስትደርሱ ብርዱ ይቀበላችኋል።

ለአህያ ነጂዎቹና ለመንደሩ ሰዎች ሒሳባቸውን በእጃቸው፣ ፊት ለፊት ክፈሉ። «አዘጋጁ ይከፍላቸዋል» ብላችሁ አትሂዱ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ሁለት ነገር አትርሱ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ በዚያው ቀን የደም ምርመራ አድርጉ፣ ቆላ ወርጃለሁ ብላችሁ ንገሩ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ደግሞ ለቢልሃርዚያ ሰገራ አስመርምሩ። በቀንድ አውጣ በኩል ተራብቶ፣ የተኛ ውሃ ውስጥ በቆዳ የሚገባ ትል ነው፤ ሳያምም ሊቆይ ይችላል። ከተገኘ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ሐኪም ያዝላችኋል።

ያነሳችኋቸውን ሰዎች ፎቶ አሳትማችሁ ላኩላቸው። እኔ የአያን ፎቶ፣ ከሦስቱ ድንጋዮች ጋር፣ በፖስታ አሽጌ ለለሚ ሾፌር ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ደውለው «ደርሶኛል። ውሃው አሁን ጎድሏል፣ የከርሞ ጥቅምት ና» አሉኝ።